ዋጋው ቆሞ ስፍሩ ሲሄድ

አምቦ ገበያ ገብቶ ሽንኩርት በኪሎ የሚጠይቅ ሰው ወይ ድግስ አለበት፣ ወይ ምግብ ቤት አለው። ሌላው «የሃያ ብር» ነው የሚለው። በርበሬውም የሃያ፣ ቲማቲሙም የሃያ፣ ዘይቱም በትንሽ ጠርሙስ ተቀድቶ የአርባ ብር ነው። ጉሊት የተቀመጠችው ሻጭም ይህን ስለምታውቅ ገዢው ሳይመጣ መደብ መደቡን ደርድራ ትጠብቃለች። ዋጋው ያለፈው ሳምንት ዋጋ ነው። የተለወጠው የመደቡ ቁመት ነው፤ አምስት ራስ የነበረው ሽንኩርት ሦስት ራስና አንድ ትንሽዬ ሆኗል። በሆለታ፣ በአዲስ ዓለም፣ በጊንጪ፣ በጉደር፣ ጌዶን አልፎ እስከ ባኮ ድረስ ባሉት ከተሞች ሁሉ ነገሩ ከዚህ አይለይም።

የምግብ መጠን እያነሰ ሄደ ሲባል ጣት የሚቀሰረው ነጋዴው ላይ ነው። ተንኮል አለ፤ ወደ እሱም እንመጣለን። ግን ከተንኮሉ በፊት የገዢው ኪስ አለ። የቀን ሠራተኛ፣ የባጃጅ ሹፌር፣ ከደመወዝ እስከ ደመወዝ የሚቆጥር መምህር ለወጥ የሚመድበው ገንዘብ የታወቀ ስለሆነ፣ ገንዘቡን ቸንክሮ መጠኑን ይለቀዋል። ሻጭዋም ለለቀቀው ነገር ልክ ታበጅለታለች።

መደብ ደግሞ አንድ ሐቀኛ ጠባይ አለው፤ ይወርዳል፣ ይወጣልም። የቲማቲም ወቅት ሲደርስ በዚያው ብር ቁልሉ በእጥፍ ያድጋል፣ ምራቂም ይከተለዋል። «መርቂልኝ እንጂ» ስትባል አንዲት ፍሬ ጣል የምታደርገው ሻጭ፣ ነገሩ ሲወደድ መጀመሪያ የምትተወው ያቺኑ ፍሬ ነው። የኑሮ ውድነትን ከማንኛውም መሥሪያ ቤት ቀድሞ የሚነግረን የምራቂ መቅረት ይመስለኛል። ሲረክስም ቀድሞ የሚመለሰው እሱ ነው። የተጋገረና የታሸገ ነገር ግን አንዴ ካነሰ በዚያው ዋጋ ወደ ቀድሞው ሲመለስ አይታይም። ከመደብ ወደ ፉርኖ ዳቦና ወደ ብስኩት ጥቅል የመጣንበትን መንገድ ለማየት ወደ ኋላ ራቅ ማለት ያስፈልጋል።

የዚህ አገር ሰው መጠኑ የሚቀንስ ነገርን ከሁሉ በፊት ያየው በገንዘቡ ላይ ነው። አሞሌ ከአፋር የጨው ሜዳ ተቆርጦ፣ ርዝመቱ ከአንድ ስንዝር እምብዛም ሳይበልጥ፣ በግመልና በበቅሎ ደጋውን ወጥቶ እስከ ጊቤ ማዶ ይዘልቅ ነበር። ገንዘብም ነው፣ ምግብም ነው። በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የገባው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጨው በመላው አገር እንደ ገንዘብ እንደሚሠራ ጽፏል። ጨው ከሚወጣበት አካባቢ ከመቶ በላይ አሞሌ የሚያስገኝ ወርቅ፣ ወደ ንጉሡ ሰፈር ሲደርስ በጣት የሚቆጠር ብቻ እንደሚያስገኝም መዝግቧል። ርቀቱ በጨመረ ቁጥር አሞሌው ይወደዳል ማለት ነው። አምቦ ያለችበት ምዕራብ ሸዋ ደግሞ ከጨው ሜዳው ሩቅ ነው።

ታዲያ አሞሌ መንገድ ላይ ይሸራረፋል። ዝናብ ያሟሟዋል፣ ጭነት ያፋትገዋል፣ የቸገረው ሰው ጥግ ጥጉን ፍቆ ወጡ ላይ ይጨምራል። እንዳይሰበር በልጥ ይታሰራል። የተሰበረው ዋጋው ይወርድና ወደ ማድቤት ይገባል። ተቀባዩም አገላብጦ ሳያየው፣ በእጁ ሳይመዝነው አይቀበልም። የማርያ ቴሬዛ ብር ያን ያህል የተወደደበት አንዱ ምክንያት የዚህ ተቃራኒ ስለነበረ ነው፤ የትም ቢመታ 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ የሚታተምበትም ዓመት ሁልጊዜ 1780 ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1880ዎቹ የራሳቸውን ብር ካስመቱ በኋላ እንኳ አሞሌው ወዲያው ከገበያ አልወጣም። በትልቅ ብር ትንሽ ነገር መግዛት ስለማይቻል የመዘርዘሩን ሥራ ጨው ይዞት ቆየ። ዝርዝር ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ዝቅ ብለን እናያለን፤ የዛሬው ዳቦ ታሪክም ግማሹ የዝርዝር ታሪክ ነው።

እህሉ በቁና፣ በእንቅብ፣ በዳውላ ይሰፈር ነበር። ቁና ከአገር አገር እኩል አልነበረም፤ እኩል ቢሆንም እንኳ ተቆልሎ መሰፈርና አፉ ላይ ተልጎ መሰፈር ሰፊ ልዩነት አላቸው። ክርክሩም ሁሌ እዚያው፣ ቁናው አፍ ላይ ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ክፉ ቀን፣ የከብት እልቂቱ በሬውን ፈጅቶ እርሻውን ሲያቆመው፣ ይህን ሁሉ ክርክር ትርጉም አሳጣው። የሚሰፈር ነገር አልነበረምና።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባል። እስከዚያ ዘመን፣ ከዚያም በኋላ በገጠሩ ለብዙ ጊዜ፣ «የአንድ ሰው ምግብ» የሚባል ነገር በግልጽ አልነበረም። ቤተሰቡ ከአንድ ገበታ ነው የሚበላው። ድፎው ለቤቱ ሰው ሁሉ ተጋግሮ ይቆረሳል፣ ገንፎው በአንድ ገበቴ መሐል ተደርጎ ሁሉም ከየዳሩ ይበላል። ምግብ ሲያንስ ሁሉም እጁን ይሰበስባል፤ እናት ደግሞ ከሁሉ ቀድማ «ጠግቤያለሁ» ትላለች። ማነሱ የሚታወቀው በእጆች ፍጥነት ነው። ለአንድ ሰው ተለክቶ፣ በታወቀ ሳንቲም የሚሸጥ ምግብ ከከተማ ጋር የመጣ ነው።

ወደ ምዕራብ ሸዋ ከተማው የመጣው በመንገዱ ነው። ምኒልክ ለአዲስ ዓለም ያሰቡላት ዋና ከተማነት ቢቀርም መንገዱ ወደዚያው ተሠራ። አምቦ በፍል ውኃዋ ታውቃ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሀገረ ሕይወት ተባለች። ማዕድን ውኃዋ ከ1920ዎቹ ጀምሮ በጠርሙስ እየተሞላ አዲስ አበባ ገባ። ጣሊያን በአምስቱ ዓመት ወረራ ፓስታውንና ፉርኖውን ይዞ መጣ፤ እሱ ሲወጣ ፉርኖው ቀረ። ፉርኖ ዳቦ ለአንድ እጅ የሚበቃ፣ ለአንድ ሳንቲም የሚሸጥ፣ ተደርድሮ የሚቆጠር ምግብ ነው። ለወታደሩ፣ ለተማሪው፣ ለሹፌሩ ተመቸ። በጥቂት ግራም ሊቀነስ የሚችል ምግብ በየከተማው የተስፋፋው በዚህ መልኩ ነው። ከድፎ ላይ አሥር ግራም መስረቅ ትርፉ ምንድን ነው?

በ1955 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ ኪሎና ሜትር የአገሩ ሕጋዊ ልክ ሆኑ። ሥጋ ቤቱና የእህል መጋዘኑ ሚዛን አቆሙ። ጉሊቱ ግን በኪሎ ፈንታ ጣሳን መረጠ። ከውጭ የገባ የቆርቆሮ ዕቃ ነው፤ የውስጡ ካለቀ በኋላ ሽሮና ምስር፣ ባቄላና ጤፍ ይሰፈርበታል። ቅመም በሲኒ፣ ቆሎ በሻይ ብርጭቆ፣ ጠላ በጣሳ፣ ጠጅ በብርሌ፣ አረቄ በመለኪያ ይሸጣል። እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ምሥጢር አለው። ታቹ የወፈረ ብርጭቆ ከላይ ሲታይ ሙሉ ነው። ሥሩ ወደ ውስጥ የተደቀደቀ ጣሳም እንዲሁ። ነቃ ያለች ገዢ መጀመሪያ ጣሳውን ታነሣና ገልብጣ ታየዋለች፤ ሻጭዋ ብትቀየም ትቀየም።

ደርግ ሌላ ዓይነት ሙከራ አደረገ። ዋጋውንም መጠኑንም አብሮ ቸነከረ። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከገበሬው በኮታ፣ በተወሰነ ዋጋ ይገዛል፤ የቀበሌ ሱቅ ለነዋሪው ስኳሩን፣ ዘይቱንና ጤፉን በካርድ፣ በቤተሰብ ቁጥር ይሰፍራል። ግራሙ አይጎድልም፣ ብሩም አይጨምርም። የሚንቀሳቀስ ነገር ታዲያ ምን ቀረ? ሰልፉ። «ስኳር መጣ» ሲባል ሌሊት ተነሥቶ ድንጋይ በቦታው ያስቀመጠ ሰው ያውቀዋል፤ ካርዱ ላይ ያለው ኮታ ሙሉ ሆኖ መጋዘኑ ባዶ የሚሆንበት ወር ብዙ ነበር። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ታውጆ የእህል ንግዱ ሲለቀቅ፣ ሰልፉ ወደ ዋጋ ተመለሰ።

ብር ከዚያ በኋላ ነው መሟሸሽ የጀመረው። በ1985 ዓ.ም. አንድ ዶላር ከ2 ብር ከ7 ሳንቲም ወደ 5 ብር ተመነዘረ። ያኔ ዳቦ በሳንቲም ይገዛ ነበር። ስሙኒ ለልጅ ብዙ ነገር ነበረች። እየቆየ ሳንቲሙ ከእጅ ጠፋ። በሕግ የሻረው የለም፤ የሚገዛው ነገር ስላጣ ብቻ ከመሳቢያ ሳይወጣ ቀረ። ዳቦ ጋጋሪው እዚህ ላይ ተያዘ። ወጪው አሥር በመቶ ቢጨምርበት የአንድ ብር ዳቦ ላይ አሥር ሳንቲም መጨመር አለበት፤ አሥር ሳንቲም ግን የሚሰጠውም የሚመልሰውም የለም። ሁለት ብር ቢያደርገው ደንበኛው ማዶ ወዳለው ዳቦ ቤት ይሻገራል። ስለዚህ ሊጡን አሥር በመቶ ይቀንሳል። በሚቀጥለው ዙር እንደገና ይቀንሳል። ዳቦው በጣም ሲያፍር፣ ማለትም ማንም ዐይቶ የማይስተው ሲሆን፣ ዋጋው በአንድ ጊዜ ሁለት ብር ይሆንና ዳቦው ለጥቂት ጊዜ ተመልሶ ይፋፋል። ከዚያ መቀነሱ እንደገና ይጀመራል። የአገራችን የዳቦ ዋጋ ታሪክ በብር ብቻ ቢጻፍ ደረጃ ደረጃ ሆኖ ነው የሚታየው፤ በደረጃዎቹ መካከል ያለው ቁልቁለት በግራም ነው የተጻፈው።

በዚህ ነገር ብቻችንን አይደለንም። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1266 ያወጡት የዳቦና የቢራ ሕግ የዳቦውን ዋጋ በአንድ ሳንቲም አስሮ፣ ክብደቱን ግን ስንዴ በተወደደ ቁጥር በሰንጠረዥ እንዲወርድ ይፈቅድ ነበር። መጠን መቀነስ እዚያ ሕጋዊ ሥርዓት ነበር፤ ወንጀሉ ከሰንጠረዡ በታች መውረድ ነው። ግብፅ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1977 የድጎማ ቅነሳ ባስነሣው ሁከት ከደነገጠች በኋላ የድጎማውን ዳቦ ዋጋ ከሠላሳ ዓመት በላይ በ5 ፒያስተር አቆየችው። እ.ኤ.አ. በ2020 ግን ዋጋውን ሳይነኩ ክብደቱን ከ110 ወደ 90 ግራም አወረዱት፤ ዋጋውን ወደ 20 ፒያስተር ያሳደጉት በ2024 ነው። ጎረቤታችን ሱዳን እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ የዳቦውን ዋጋ ከአንድ ወደ ሦስት ፓውንድ አወጣችው፤ ከአትባራ የተነሣው ተቃውሞ በወራት ውስጥ ኦማር አልበሽርን ከሥልጣን አወረደ። መንግሥታት ከዋጋ ይልቅ ግራምን ለምን እንደሚደፍሩ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ያለ አይመስለኝም።

እኛም ዘንድ በሐምሌ 2000 ዓ.ም. የዋጋ ግሽበቱ ከ60 በመቶ አለፈ። መንግሥት ስንዴ ከውጭ እያስገባ ለከተማ ድሆችና ለዱቄት ፋብሪካዎች በድጎማ ማቅረብ ያዘ። በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. ደግሞ ዳቦ፣ ስኳር፣ ዘይትና ሥጋ በሚገኙባቸው ብዙ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ተጣለ። ጣሪያው የተጣለባቸው ነገሮች ከመደርደሪያ እየጠፉ ከጥቂት ወራት በኋላ ከአብዛኞቹ ላይ ተነሣ። ለዳቦ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። ዳቦ መደበቅ አይቻልም፤ ነገ ይደርቃል። ስለዚህ አልጠፋም፣ ሳሳ። የድጎማ ዱቄት የሚወስድ ዳቦ ቤት የግራሙን ልክ እንዲጠብቅ ይገደድ ነበር፤ ዱቄቱ ሲዘገይ ወይም ሲጎድል ግን ከገበያ ገዝቶ ያሟላ ነበር፤ የገበያውን ዱቄት በድጎማው ዋጋ መሸጥ ደግሞ አይሆንለትም ነበር። በሰኔ 2012 ዓ.ም. በቀን እስከ 2 ሚሊዮን ዳቦ እንዲያመርት ታቅዶ የተመረቀው ሸገር ዳቦ ለአዲስ አበባ የታሰበ መፍትሔ ነበር። የሆለታና የአምቦ ሰው ወሬውን ሰምቷል፤ ዳቦውን የሚገዛው ግን ከሰፈሩ ዳቦ ቤት ነው።

የዳቦ ዘዴው ቀላል ነው። እርሾና ማሻሻያ ሲበዛበት ሊጡ አየር ይይዛል። ከ100 ግራም ወደ 80 የወረደ ዳቦ ከድሮው እኩል አብጦ ይታያል። እጅ ሲጨብጠው ያውቃል እንጂ ዐይን አያውቅም። ልጅ ግን ዘዴው አይገባውም፤ «አሁንም ርቦኛል» ይላል።

እንጀራው የራሱ ሒሳብ አለው፤ ከዳቦውም የባሰ ያታልላል። ምጣድ ክብ ነው፣ ክብ ነገር ሲያንስ ደግሞ ዐይናችን የሚይዘው የዳሩን መጥበብ ነው። 58 ሴንቲሜትር የነበረ እንጀራ 52 ቢሆን ስድስት ሴንቲሜትር የጎደለ ይመስላል፤ ስፋቱ ሲሰላ ግን ወደ 20 በመቶ ገደማ ሄዷል። መሳሳቱ ሲጨመርበት ጉድለቱ ከዚህም ይበልጣል። ቤት ውስጥ የሚጋገር እንጀራ የሚያንስበት ምክንያት የለም፤ ምጣዱ ያው ነው። የሚያንሰው የሚሸጠው ነው። እሱም በዘመኔ ዐይኔ እያየ የበዛ ነገር ነው፦ ድሮ እንጀራ መግዛት የሚያሳፍራቸው ቤቶች ዛሬ ማገዶውን፣ መብራቱንና ጊዜውን አስልተው መግዛቱ ይሻለናል ብለዋል። ጋጋሪዋም ጠዋት በቡድን በቡድን ቆጥራ ለሱቅና ለምግብ ቤት ታደርሳለች። ጤፍ ሲወደድ እንጀራው ያጥራል፣ ከዚያ ይሳሳል፣ ከዚያ ሩዝና በቆሎ፣ ማሽላም ይገባበታል። በ2010 ዓ.ም. አካባቢ ጄሶ ተቀላቀለበት የተባለ እንጀራ አገሩን ሲያስደነግጥ፣ መጠኑ ያነሰ ንጹሕ እንጀራ የሚመርጥ ሰው ብዙ ሆኖ ተገኘ። መጠን መቀነስና ባዕድ ነገር መቀላቀል የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ትልቅ እንጀራ ሁሉ ደግ እንዳልሆነም ያኔ ተማርን።

ይህ የሚሆነው ደግሞ በጤፍ አገር ነው። የጊንጪ፣ የደንዲ፣ የአምቦ ዙሪያ ማሳዎች ጤፍ ያበቅላሉ፤ የጄልዱ ደጋ የድንች ዘር ለሌላው አገር ይተርፋል፤ ባኮ ቢኤች 660 የተባለው የበቆሎ ዝርያ የወጣበት የምርምር ማዕከል ባለቤት ነው። በ1994 ዓ.ም. በቆሎ ከመትረፍረፉ የተነሣ ዋጋው ወድቆ ገበሬው የማዳበሪያ ዕዳውን መክፈል አቅቶት ነበር። ምርቱ በር ላይ ሆኖ መጠኑ የሚያንስበት ምክንያት ብዙ ነው። የአዲስ አበባ ነጋዴ ጭኖ የሚሄድበት ዋጋ የአምቦም ዋጋ ይሆናል። የነዳጅ ዋጋም ይጨመርበታል፤ ቤንዚን በ2014 ዓ.ም. አጋማሽ በሊትር 32 ብር አይሞላም ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ከ100 ብር አልፏል። በነዚህ ዓመታት ወደ ወለጋ የሚያልፈው መንገድ በጸጥታ ምክንያት የሚዘጋበት ቀን ጥቂት አልነበረም፤ መንገድ በተዘጋ ማግስት መደቡ ያንሳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ዘይትና ስኳር ወዲያው ነው የሰሙት።

ምግብ ቤቱ ነገሩን የሚያስተናግድበት መንገድ የራሱ ዘዴኝነት አለው፤ አንዳንዱ ያስቃል። «ሃፍ» የሚባለው ትእዛዝ ለተማሪ የተፈጠረ ነበር፤ አሁን አባወራውም ያዝዘዋል። የ«ኖርማሉ» መጠን ወደ ድሮው ሃፍ ተጠግቷል፣ ሃፉም ሌላ ቦታ ሄዷል። ተጨማሪ እንጀራ ያለ ክፍያ ይመጣ ነበር፤ ዛሬ አስተናጋጇ ከማምጣቷ በፊት ዋጋውን ትናገራለች። የስኳር ዕቃው ከጠረጴዛ ተነሥቶ ስኳር በማንኪያ ተለክቶ ከሻዩ ጋር ይመጣል። በያይነቱ ላይ ያለው ወጥ በዓይነት አልቀነሰም፣ ቆጠራው እንዲያውም ጨምሯል፤ እያንዳንዱ ግን ለአንድ ጉርሻ ያህል ነው። ጃምቦ ቢራ ላይ አረፋው ከፍ ብሏል፤ አረፋ ደግሞ በሕግ አልተከለከለም።

በቤት ውስጥ ዶሮ ወጥ ብቻ አልበገር ብሏል። ዐሥራ ሁለቱን ብልት ዐሥር ላድርግ የምትል ሴት የለችም። ቁጥሩ የተከበረ ነውና፣ የሚቀነሰው ሽንኩርቱና ቅቤው ነው፤ ወጡ ይቀጥናል። ባሏ ዝም ይላል፣ እሷም ዝም ትላለች።

ገንዘብ ተቸንክሮ መጠን ሲለቀቅ ምን እንደሚመጣ በግልጽ የሚያሳየው ግን ከገበያው ውጭ ያለ ቦታ ነው። በ1939 ዓ.ም. በእርሻ ትምህርት ቤትነት የተጀመረው የዛሬው አምቦ ዩኒቨርሲቲ፣ እንደ ሌሎቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ፣ ተማሪውን የሚቀልበው ከላይ በሚተመን የቀን በጀት ነው። ይህ በጀት እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ ለአንድ ተማሪ በቀን 22 ብር ነበር። ቁርስ፣ ምሳና እራት ናቸው፤ ለአንዱ ማዕድ 7 ብር ከ33 ሳንቲም። በዚያን ጊዜ አንድ ሲኒ የጀበና ቡና ከዚያ በላይ ይሸጥ ነበር። በዚህ ገንዘብ ሦስት ማዕድ ማቅረብ ከተቻለ መጠኑና ጥራቱ ምን ሊሆን እንደሚችል ማስላት አይከብድም፤ ተማሪውም ወጡ ውስጥ ምስር እየፈለገ አራት ዓመት ጨርሷል። በ2017 ዓ.ም. በጀቱ በአንድ ጊዜ ወደ 100 ብር ከፍ ተደረገ። የዳቦ ቤቱ ደረጃ ደረጃ አካሄድ ነው፣ በመንግሥት ደብዳቤ። በደረጃዎቹ መካከል ያለውን ቁልቁለት የበላው፣ ወይም ያልበላው፣ ተማሪው ነው።

ከዚህ ሁሉ ንጹሑ ቅርጫ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ለፋሲካ ወይም ለመስቀል በሬ ሲታረድ፣ ሥጋው ሁሉም ዐይን ፊት በእኩል መደብ ይደለደላል፤ ዕጣ ይጣላል፤ ጉበቱም ሽንጡም ለየመደቡ ይዳረሳል። በሬው ሲወደድ ስምንት የነበሩት ተካፋዮች ዐሥራ ሁለት፣ ከዚያም ዐሥራ ስድስት ይሆናሉ። መደቡ በግማሽ አነሰ ማለት ነው። ማንም ግን አልተታለለም። ስንት ሰው እንደገባ ያውቃል፣ በሬው ስንት እንደተገዛ ያውቃል፣ የራሱንም ከጎረቤቱ ጋር ቆሞ ያስተያያል። የሚያጉረመርም ካለ የሚያጉረመርመው በበሬ ሻጩ ነው።

የታሸገው ዕቃ ከቅርጫ ሩቅ ነው። ድሮ በምግብ ቤት ጠረጴዛ መሐል አንድ ትልቅ የአምቦ ውኃ ጠርሙስ ቆሞ ሦስት አራት ሰው ይቀዳለት ነበር፤ ውኃውን የሚሞላው የሰንቀሌው ፋብሪካ በ2001 ዓ.ም. ወደ ግል ባለሀብት ከተዛወረ በኋላ ፕላስቲኩና ትንሹ ጠርሙስ መጡ፣ እያንዳንዱም ለራሱ ማዘዝ ያዘ። ትንሽ ጠርሙስ በራሱ በደል የለበትም፤ መጠኑ ተጽፎበታል፣ ከትልቁ ጋርም አይምታታም። የሚያስቸግረው መልኩ ያልተቀየረ፣ ዋጋው ያልተቀየረ፣ ውስጡ ግን የጎደለ ጥቅል ነው። እዚህ ላይ የዓለም ነጋዴ ሁሉ ቋንቋው አንድ ነው። ቶብለሮን የተባለው የስዊስ ቸኮላት እ.ኤ.አ. በ2016 እንግሊዝ አገር በተራሮቹ መካከል ያለውን ሸለቆ አስፍቶ 170 ግራሙን 150 ሲያደርገው፣ ርዝመቱ ያው ሆኖ ነበር።

በየሱቁ የተንጠለጠሉት ትንንሽ ከረጢቶች ሌላ ጉዳይ ናቸው። የአንድ ጊዜ ሻምፑ፣ የአንድ ወጥ የቲማቲም ድልህ፣ የአንድ ልብስ የዱቄት ሳሙና ይዘዋል። ለባዶ ኪስ ደራሽ ናቸው። ሆኖም ጥቅሉ ባነሰ ቁጥር የማሸጊያው ድርሻ ስለሚያድግ፣ ግራም በግራም ሲሰላ አብዛኛውን ጊዜ በጣም የሚከፍለው ትንሹን የሚገዛው ነው። ዘይት በአምስት ሊትር የሚገዛና በቡና ሲኒ የሚገዛ ሁለት ጎረቤታሞች አንድ ዋጋ አይከፍሉም፤ ድሃው ነው አብልጦ የሚከፍለው።

ሕግ አለን። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የዕቃው መጠን በመለያው ላይ እንዲጻፍ ያዛል፣ ከተጻፈው መጠን ማጉደልንም ይከለክላል። ግራሙ ከ200 ወደ 170 ወርዶ 170 ተብሎ በደቃቅ ፊደል ከተጻፈ ግን ሕጉ የሚለው ነገር የለውም። ፈረንሳዮች ይህን ቀዳዳ አይተው እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ትልልቅ ሱቆች መጠኑ የቀነሰ ዕቃ አጠገብ መቀነሱን የሚናገር ማስታወቂያ እንዲለጥፉ አዘዋል። እኛ ብንቀዳው ለአዲስ አበባ ሱፐርማርኬት ይጠቅም ይሆናል። የጊንጪ ሰው ከሚበላው ውስጥ ግን መለያ የሚለጠፍበት ስንቱ ነው? ዳቦው፣ እንጀራው፣ ሽሮው፣ ሽንኩርቱ፣ በሲኒ የሚቀዳው ዘይት ሁሉም ራቁቱን ነው የሚሸጠው። ለዚህ የሚበጀው የተስተካከለ ሚዛን በየገበያው በር ማቆም ነው፤ የገዛውን ነገር ማንም ሰው በነጻ መዝኖ እንዲሄድ። ወጪው ትንሽ ነው። ሻጮቹም ይጠሉታል ብዬ አላስብም፤ በጣሳ ሥር የማትጫወተው ብዙ ናት፣ ከጎኗ ካለችው ለመለየት ግን እስካሁን ማስረጃ የላትም።

ለዳቦ ሚዛኑ ብቻ አይበቃም፤ ሰዓትም ያስፈልጋል። 100 ግራም ዳቦ ለማውጣት ከ110 ግራም የሚበልጥ ሊጥ ይመዘናል፤ ምድጃው የውኃውን ድርሻ ይወስዳል፣ ከምድጃ ከወጣም በኋላ ዳቦው እየቀዘቀዘ ሲሄድ እርጥበቱን ማጣቱ አይቆምም። ሐቀኛው ጋጋሪም ዳቦው መደርደሪያ ላይ በዋለ ቁጥር ጥቂት ግራም ይከስራል፤ የሚያጭበረብረውም በዚህችው ሰበብ ያመልጣል። ደንቡ «100 ግራም» ሲል ትኩሱን ይሁን የቀዘቀዘውን ካልለየ፣ ተቆጣጣሪውና ጋጋሪው በአንድ ዳቦ ላይ ሁለቱም እውነታቸውን ይዘው ይጣላሉ። ጋጋሪዎቹ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ና ይላሉ። ተቆጣጣሪው ግን፣ እነሱ እንደሚሉት፣ ቢሮው ከተከፈተ፣ ፊርማው ከተሰበሰበ፣ ሞተር ብስክሌቱ ከተገኘ በኋላ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው የሚደርሰው።